ሰርቨሩ ቢሄድም ዳታው እንዲቀር

ድሬዳዋ ውስጥ የትራንዚት ቢሮ የከፈተ ሰው ወረቀት አያጣም። ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማስታወቂያ) አለ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ አለ፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ የባንክ ፈቃድ አለ። ዕቃው ከጅቡቲ በባቡር ይምጣ በከባድ መኪና፣ የወረቀት ክምር ይከተለዋል። አሁን አሁን ያ ሁሉ ስካን ይደረግና ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒውተር) ላይ ይቀመጣል። እኔ የምተዳደረው ለእነዚህ ቢሮዎች ሰርቨር በማዘጋጀት ነው። የምቀመጠው ከዚራ ሰፈር ነው፤ ደንበኞቼ ግን ከሳቢያን እስከ መጋላ ተበትነዋል። በስልክ ከሚጠይቁኝ ሁሉ የሚበዛው አንድ ነው፦ «ስሚ፣ ሰርቨሩ ሞልቷል ይላል። ትልቅ እንግዛ?»

አትግዛ። ትልቅ ሰርቨር ስትወስድ ለማትፈልገው ፕሮሰሰርና ራም ጭምር ነው የምትከፍለው። የሞላው ዲስኩ ነው። ስለዚህ ዲስክ ብቻውን ጨምር፤ ዳታውንም ከሰርቨሩ ለይተህ እሱ ላይ አስቀምጥ። የቦታው ነገር ትንሹ ጥቅም ነው። ሰርቨሩ ቢጠለፍ፣ ቢበላሽ፣ ወይም ከአፕዴት በኋላ አልነሳም ቢል፣ ዲስኩን ነቅለህ ሌላ ሰርቨር ላይ ትሰካውና ሥራ ይቀጥላል።

ምሳሌዬ ኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዓይነት) ያለበት ሰርቨርና የአማዞን ኢቢኤስ (ከሰርቨሩ ተለይቶ የሚከራይ ዲስክ) ናቸው። ዲጂታል ኦሽን፣ ሄትዝነር ወይም ጉግል ላይ ያለህ ከሆነ የቁልፎቹ ስም ይለያል እንጂ ሥራው በአብዛኛው ያው ነው። ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ የሚባል አገልግሎት አለው። ትእዛዞቹን በስልክ ለቢሮ ልጆች እንደማነባቸው አድርጌ ነው የምጽፋቸው።

ዲስኩ የት ነው ያለው?

ክላውድ ላይ ሰርቨር ስትከራይ አብሮት የሚመጣው ዲስክ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሰርቨሩ የሚሠራበት ማሽን ውስጥ የተሰካ ነው። በጣም ፈጣን ነው፤ ግን ከማሽኑ ጋር ይሄዳል። አማዞን ላይ ኢንስታንስ ስቶር የሚሉት ይኸው ነው። ሰርቨሩን አቁመህ መልሰህ ስታስነሳው የነበረው ነገር የለም። ለጊዜያዊ ፋይል እንጂ ለደንበኛ ሰነድ አይሆንም።

ሁለተኛው ብሎክ ስቶሬጅ ነው። ዲስኩ ሌሎች ማሽኖች ላይ ተበታትኖ የተቀመጠ ሲሆን ከሰርቨርህ ጋር የሚገናኘው በኔትወርክ ነው። ሊኑክስ ይህን አይመራመርም። እንደማንኛውም ዲስክ ፎርማት ታደርገዋለህ፣ ማውንት ታደርገዋለህ (ፎልደር ላይ ትሰቅለዋለህ)፣ ዳታቤዝ ታስኬድበታለህ። የአማዞን ኤስ3ን የመሰለው ኦብጀክት ስቶሬጅ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ፋይል ታስገባለህ፣ ፋይል ታወጣለህ፤ ዳታቤዝ ግን አይሮጥበትም። ዋጋው በጣም ይለያያል። አሜሪካ ቨርጂኒያ ባለው የአማዞን ማዕከል ተራው የኢቢኤስ ዲስክ በጊጋባይት በወር 8 ሳንቲም ዶላር ሲሆን ኤስ3 2.3 ሳንቲም ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት አሮጌ ስካን ብሎክ ስቶሬጅ ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ ማቃጠል ነው። በየቀኑ የሚነካውን ብሎክ ላይ፣ የቆየውን ኦብጀክት ላይ።

«አይበላሽም ወይ?» ይሉኛል። አሠራሩን ካወቅከው መልሱን ራስህ ታገኘዋለህ። ዲጂታል ኦሽንን ጨምሮ ብዙ አቅራቢዎች ብሎክ ስቶሬጃቸውን የሠሩት ሴፍ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ላይ ነው። ሴጅ ዋይል የሚባል ሰው ካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ሲሠራ የጀመረው ነው። ሴፍ ቮልዩምህን፣ ማለትም የተከራየኸውን ዲስክ፣ ባለ 4 ሜጋባይት ቁርጥራጭ አድርጎ ይከፋፍለዋል። ካልተነካካ በቀር እያንዳንዱን ቁራጭ ሦስት ቦታ ያስቀምጣል። አንድ ዲስክ ሲሞት ከቀሩት ላይ አዲስ ቅጂ ሠርቶ ቁጥሩን ወደ ሦስት ይመልሳል። አንተ ምንም ሳታውቅ ነው ይህ የሚሆነው። አማዞንም በራሱ መንገድ ቅጂ ያደርጋል።

ግን ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ቅጂው ስህተትንም ይቀዳል። የቢሮው ልጅ የዓመቱን ፎልደር ቢያጠፋ ከሦስቱም ቦታ እኩል ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የአማዞን ቅጂዎች ያሉት በአንድ ዞን (አንድ አካባቢ ባሉ የመረጃ ማዕከሎች) ውስጥ ነው። ለድሬ ሰው እንዲህ ብል ይገባዋል፦ ሁሉም ቅጂ ከዚራ ነው ያለው፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ የተቀመጠ አንድም የለም። ዞኑ በሙሉ ችግር ቢገጥመው ዲስክህም አብሮ ነው።

ይህ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2011 አማዞን ቨርጂኒያ ላይ የኔትወርክ ሥራ ሲሠራ ትራፊኩ አቅም ወደሌለው መስመር ዞረ። ብዙ ዲስኮች ከቅጂዎቻቸው ጋር ተቆራረጡ። ኔትወርኩ ሲመለስ ሁሉም ባንድ ጊዜ አዲስ ቅጂ የሚሠሩበት ባዶ ቦታ ፍለጋ ገቡ፤ ቦታው አለቀ፣ ሲስተሙ ታነቀ። ለቀናት የተቸገሩ ድርጅቶች ነበሩ። በመጨረሻም በዚያ ዞን ካሉት ዲስኮች 0.07 በመቶ የሚሆኑት ሳይመለሱ ቀሩ። ዛሬም አማዞን ራሱ ተራዎቹ ዲስኮች በዓመት ከ1,000 አንድ ወይም ሁለት ሊጠፉ እንደሚችሉ አስቦ እንድትሠራ ይነግርሃል። አይኦ2 የሚባለው ውዱ ዓይነት ከ100,000 አንድ ነው። ለትራንዚት ቢሮ ውዱ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስናፕሾት ነው፤ እመጣበታለሁ።

ስንት ጊጋባይት?

ትንሽ ጀምር። ቮልዩም በማንኛውም ሰዓት ሰርቨሩን ሳታቆም ይሰፋል፤ ማጥበብ ግን አይቻልም። 500 ብለህ ገዝተህ 80 ብትጠቀም በየወሩ የ500 ትከፍላለህ። ለማጥበብ ብቸኛው መንገድ አዲስ ትንሽ ቮልዩም ሠርቶ ዳታውን መገልበጥ ነው።

ሒሳቡን ከወረቀቱ ጀምር። አንድ ባለቀለም ገጽ በ300 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ በግምት 1 ሜጋባይት ብለን እንያዝ። የአንድ ዕቃ ፋይል 30 ገጽ ቢሆን፣ ቢሮው በቀን 20 ፋይል ቢያስተናግድ፣ በቀን 600 ሜጋባይት ነው። 25 የሥራ ቀን ባለው ወር 15 ጊጋባይት፣ በዓመት 180። ዳታቤዙ ራሱ ከዚህ አንፃር ኢምንት ነው። ስለዚህ 100 ጊጋባይት ግማሽ ዓመት ያስኬድሃል፣ በቨርጂኒያ ዋጋም በወር 8 ዶላር ነው። ኬፕታውን ለእኛ ይቀርባል፤ አማዞን እዚያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ዋጋው ግን ከቨርጂኒያ ይበልጣል። በነገራችን ላይ ብዙ ገጾች በጥቁርና ነጭ በ200 ዲፒአይ ቢነሱም በደንብ ይነበባሉ። ስካነሩን ማስተካከል ዲስክ ከመግዛት ይረክሳል።

ዶላሩን አትርሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ክላውድ ላይ አንድ ጊጋባይት ያልጨመረ ሰው ቢሉ በብር እጥፍ ሆነበት። ትንሽ ጀምር የምለው ለዚህም ነው።

ዓይነቱን ስትመርጥ ጂፒ3 በል። 3,000 አይኦፒኤስ፣ ማለትም በሰከንድ 3,000 የማንበብና የመጻፍ ጥያቄ፣ በተጨማሪም በሰከንድ 125 ሜጋባይት፣ ዲስኩ ትንሽም ቢሆን ከዋጋው ጋር ይመጣል። የድሮው ጂፒ2 በጊጋባይት 3 አይኦፒኤስ ብቻ ነው የሚሰጥህ። 100 ጊጋባይት ላይ 300 ማለት ነው። ከዚያ በላይ እስከ 3,000 የሚሮጠው ባጠራቀመው ክሬዲት ነው፤ ክሬዲቱ ሙሉ ሆኖ በሙሉ ፍጥነት ቢሮጥ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ጠዋት የሚፈጥን፣ ረፋድ ላይ የሚንፏቀቅ ሲስተም ካለህ መጀመሪያ ይህን እይ። ወደ ጂፒ3 መቀየር ሰርቨሩን አያስቆምም፤ ቨርጂኒያ ላይ ዋጋውም በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። ለምን እስካሁን ጂፒ2 ላይ የተቀመጠ ሰው እንዳለ አይገባኝም፣ ወላሂ።

መሥራትና መሰካት

ኮንሶሉ (የአማዞን መቆጣጠሪያ ገጽ) ላይ ቮልዩም ስትፈጥር ሦስት ነገር እይ። ዞኑ ከሰርቨርህ ዞን ጋር አንድ ይሁን፤ ካልሆነ አይሰካም። የምስጠራውን ሳጥን አሁኑኑ ምልክት አድርግ፤ ሳይመሰጠር የተፈጠረን ዲስክ በኋላ እዚያው ላይ መመስጠር ስለማይቻል በስናፕሾት ዞረህ አዲስ ዲስክ መሥራት ሊኖርብህ ነው። ስም ስጠው። ስም የሌለው ዲስክ ከስድስት ወር በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ማንም ሊያጠፋው አይደፍርም፣ ሁሉም ይከፍልለታል።

ከሰርቨሩ ጋር ካገናኘኸው በኋላ ግባና «ኤልኤስቢኤልኬ» በል፤ ዲስኮቹን ይዘረዝርልሃል። አዲሱ ዲስክ በመጠኑ ይለያል። ኮንሶሉ «ኤስዲኤፍ» ብሎህ ሰርቨሩ ላይ «ኤንቪኤምኢ1ኤን1» ሆኖ ብታየው አትደንግጥ፤ አዲሶቹ ማሽኖች እንዲህ ነው የሚጠሩት። ይህ ስም ሰርቨሩ ሲነሳ ሊለዋወጥ ይችላል። ለዚህ ነው በስሙ ሳይሆን በዩዩአይዲው (በማይለዋወጠው መለያው) የምንይዘው።

ፎርማት ከማድረግህ በፊት በሩት (በሲስተሙ አስተዳዳሪ) መብት «ብልክአይዲ» ብለህ የዲስኩን ስም ጻፍ። ምንም ካልመለሰ ባዶ ነው። የፋይል ሲስተም ስም ከመለሰ እጅህን አንሳ፣ ዳታ አለበት ማለት ነው። ባዶ ከሆነ «ኤምኬኤፍኤስ ነጥብ ኢኤክስቲ4» እና የዲስኩ ስም። ዲስኩን በፓርቲሽን (በክፍልፋይ) አልከፋፍለውም። ለዳታ ብቻ የሚውል ዲስክ ላይ ፓርቲሽን የማስፋት ቀን ተጨማሪ ራስ ምታት ነው። በኢኤክስቲ4 ፈንታ ኤክስኤፍኤስ የሚባለውን ፋይል ሲስተም የሚመርጡ አሉ፣ እሱም ጥሩ ነው፤ የፈለግከውን ያዝ።

ኢኤክስቲ4 ከቦታው 5 በመቶውን ለሩት ይይዛል። የሲስተሙ ዲስክ ላይ ይህ ተገቢ ነው። የዳታ ዲስክ ላይ ግን ከ100 ጊጋባይት 5ቱን ከፍለህ አትጠቀምበትም። «ቲዩን2ኤፍኤስ ሰረዝ ኤም 1» ብለህ ወደ 1 በመቶ አውርደው።

አሁን የሚሰቀልበትን ፎልደር ፍጠር። እኔ «ሰነድ» እያልኩ እሠራዋለሁ። ማውንት ከማድረግህ በፊት፣ ባዶውን ፎልደር «ቻትር ፕላስ አይ» ብለህ ቆልፈው። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም፤ እኔ ግን ሳላደርግ አላልፍም። ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ቀን ሰርቨሩ ሲነሳ ዲስኩ ሳይሰቀል ይቀራል እንበል። አፕሊኬሽኑ ይህን አያይም። ፎልደሩን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፣ «እሺ» ብሎ እዚያው የሲስተሙ ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ቢሮው ደግሞ «የዱሮው ፋይል ሁሉ ጠፋ» ብሎ ይጮሃል። አንተ ዲስኩን ስትሰቅል የዱሮው ይመለሳል፣ የጠዋቱ ይሰወራል፤ ከሥር ተቀብሯልና። ከዚያ ሁለቱን ማዋሃድ ነው፣ ስም የተጋጨውን እየለዩ። ፎልደሩ ከተቆለፈ ግን አፕሊኬሽኑ መጻፍ አቅቶት ወዲያው ስህተት ያወጣል። ጩኸቱ ቀላል ይሆናል። ዲስኩ ከተሰቀለ በኋላ ቁልፉ ከሥሩ ይቀራል፣ ሥራህን አይነካም።

ቋሚ እንዲሆን ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለውን ኤፍኤስታብ የሚባል ፋይል ክፈት። ዩዩአይዲውን፣ ፎልደሩን፣ ኢኤክስቲ4፣ ከዚያ «ዲፎልትስ» ኮማ «ኖፌይል»፣ መጨረሻ ላይ 0 እና 2። «ኖፌይል» የምትለውን ቃል አትርሳት። እሷ ከሌለች፣ ዲስኩ ባልተገኘ ቀን ሰርቨሩ ኢመርጀንሲ ሞድ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ አንተም በኤስኤስኤች (ከርቀት) መግባት ትከለከላለህ። «ኖፌይል» እና የተቆለፈው ፎልደር አብረው ነው የሚሠሩት፦ አንዱ ሰርቨሩ እንዲነሳ፣ ሌላው በተሳሳተ ቦታ እንዳይጻፍ። «ፋይንድኤምኤንቲ ሰረዝ ሰረዝ ቬሪፋይ» ብለህ ፋይሉን አስፈትሽ፣ «ማውንት ሰረዝ ኤ» በል፣ ከዚያ ሰርቨሩን ሪስታርት አድርግ። ሪስታርት ሳታደርግ «ጨርሻለሁ» አትበል።

ዳታውን ማዛወር አጭር ነው። አፕሊኬሽኑንና ፖስትግሬስን (ዳታቤዙን) አቁም፣ አርሲንክ በሚባለው መገልበጫ ገልብጥ፣ የፖስትግሬስን ዳታ ዳይሬክተሪ ወደ አዲሱ ቦታ ቀይር፣ አስነሳ። የፋይል ባለቤትነት እንዳይቀየር አርሲንኩ ላይ «ሰረዝ ኤ»ን ጨምር። አሮጌውን ለጥቂት ቀን አቆየው፣ ከዚያ አጥፋ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ለምን ሁለት ሰርቨር ላይ ባንድ ጊዜ አንሰካውም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ኢኤክስቲ4ም ሆነ ኤክስኤፍኤስ ለዚህ አልተሠሩም። ሁለት ሰርቨሮች አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ሲጽፉ ፋይል ሲስተሙ ይፈርሳል። አንድ ዲስክ፣ አንድ ሰርቨር።

ስናፕሾት

ስናፕሾት የዲስኩን የዚያች ደቂቃ መልክ ይይዛል። አማዞን ላይ የሚቀመጠው ኤስ3 ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከዞኑ ውጭ ነው። የመጀመሪያው ሙሉውን ይይዛል፣ ቀጥሎ ያሉት የተለወጡትን ብሎኮች ብቻ። አሮጌውን ብታጠፋ አዲሶቹ አይበላሹም፣ የሚፈልጉት ብሎክ ይቆይላቸዋል። በየሌሊቱ አንድ፣ ለሁለት ሳምንት ማቆየት፣ ለአብዛኛው ቢሮ ይበቃል።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮንሶሉ የሚጠይቅህ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ነው፤ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ። «ሌሊት 6 ሰዓት ላይ» ብሎ አስቦ 06:00 የሞላ ሰው፣ ስናፕሾቱ የሚነሳው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ቢሮው ሞቅ ባለበት ሰዓት። ለሌሊት 6 ሰዓት 21:00 ብለህ ሙላ።

ስናፕሾቱ የሚይዘው መብራት ድንገት ድርግም ቢል ዲስኩ ላይ ይገኝ የነበረውን ነው። ለፖስትግሬስ ይህ ችግር የለውም፤ ዳታውና ዋል የሚባለው መዝገቡ አንድ ቮልዩም ላይ እስካሉ ድረስ ሲነሳ ራሱን ያስተካክላል። ሁለት ቮልዩም ላይ ከከፈልካቸው ግን ስናፕሾቶቹ የተለያየ ሰከንድ ሊይዙ ይችላሉና አትክፈል። ጥንቁቅ መሆን ከፈለግክ «ኤፍኤስፍሪዝ ሰረዝ ኤፍ» ብለህ ፋይል ሲስተሙን ለአፍታ አቁም፣ ስናፕሾቱን አስጀምር፣ ጥያቄው ተቀባይነት አግኝቶ «ፔንዲንግ» ሲል «ሰረዝ ዩ» ብለህ ልቀቀው። እስኪያልቅ መጠበቅ የለብህም። የሲስተሙን ዲስክ ግን በፍጹም አታቁም፤ ልቀቅ የምትልበትም ተርሚናል አብሮ ይቆምብሃል።

ስናፕሾት ብቻውን አይበቃም። ያለው እዚያው አካውንት ውስጥ ነው። ፓስዎርዱ የተሰረቀበት ሰው ዲስኩንም ስናፕሾቱንም በአንድ ከሰዓት ሊያጣ ይችላል። ካርዱ ላይ ዶላር አጥሮ ሒሳብ ያልተከፈለበት አካውንትም ይታገዳል፣ ቆይቶም ይጠፋል። እኛ አገር ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ የቀረበ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ በፒጂ ደምፕ የዳታቤዝ ቅጂ አውጣና አዲሶቹን ሰነዶች በአርሲንክ ወደ ቢሮው ሃርድ ዲስክ ሌሊት አውርድ። አርሲንክ የተለወጠውን ብቻ ስለሚያመጣ ኢንተርኔቱ ይችለዋል። ያ ሃርድ ዲስክ መስኮት ሥር አይቀመጥ፤ የድሬ ፀሐይና አቧራ ለሃርድ ዲስክ አይራሩም። ወለል ላይም አይሁን። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው፤ ወንዙ አጠገብ ያለ ቢሮ ቢያንስ ቅጂውን ሌላ ሰፈር ያስቀምጥ።

ነቅሎ መሰካትን መለማመድ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አድርግ ብትለኝ ይህን እልሃለሁ። አርብ ከሰዓት ሙቀቱ በርትቶ፣ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ ለደንበኛዬ ደውዬ «ሲስተሙን ለትንሽ ጊዜ ላቋርጠው ነው» እላለሁ። አንዱ ባለቢሮ ሁሌ ይነዘንዘኛል። «አቦ ልጄ፣ የሚሠራን ነገር ለምን ትነካኪያለሽ?» ይላል። «አባባ፣ የማይሠራ ቀን እንዳልነካካ ነው» እለዋለሁ። ያጉረመርማል፣ ግን ይፈቅዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፕሊኬሽኑንና ዳታቤዙን አቁም። «ዩማውንት» በል። «ቢዚ ነው» ካለህ «ኤልኤስኦኤፍ» ብለህ ማን እንደያዘው እይ፤ ብዙ ጊዜ ራስህ በሌላ ተርሚናል እዚያ ፎልደር ውስጥ ቆመህ ነው። ከዚያ ከኮንሶሉ ንቀለው። እዚያው ዞን ውስጥ ባዘጋጀኸው ሌላ ሰርቨር ላይ ስካ፣ ማውንት አድርግ፣ አፕሊኬሽኑን አስነሳ፣ የትናንትናውን ዲክላራሲዮን ክፈት። ስንት ደቂቃ እንደፈጀብህ በወረቀት ጻፍ፣ የጎደለውንም ጻፍ። የሚጎድለው ሁልጊዜ ዲስኩ ላይ የሌለ ነገር ነው፦ የኤንጅንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራሙ) ሴቲንግ፣ ሰርተፊኬት፣ ሥራ በሰዓቱ የሚያስጀምረው ክሮን ላይ የተጻፈች አንዲት መስመር። እነሱንም ዲስኩ ላይ አንድ ፎልደር ሠርተህ ቅጂያቸውን አስቀምጥ።

ሌላ አርብ ደግሞ ከስናፕሾት ሞክር። ከስናፕሾት አዲስ ቮልዩም ፍጠር፣ ስካ፣ ክፈት። ቀርፋፋ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ተበላሽቷል ማለት ግን አይደለም። አማዞን ብሎኮቹን ከኤስ3 የሚያመጣቸው መጀመሪያ ስትነካቸው ነው። ሁሉንም ቀድመህ ለማንቃት በ«ዲዲ» ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር አንብበህ የተላከለትን ሁሉ ወደሚጥለው «ዴቭ ነል» ላከው። ግብዓቱና ውጤቱ ቦታ እንዳይለዋወጥብህ ኢንተር ከመምታትህ በፊት ሁለቴ አንብብ።

ሲሞላ ማስፋት

80 በመቶ ሲደርስ አስፋ፤ 95ን አትጠብቅ። መጀመሪያ ስናፕሾት አንሳ። ኮንሶሉ ላይ አዲሱን መጠን ሙላ። «ኦፕቲማይዚንግ» ሲል መቀጠል ትችላለህ፣ እስኪጨርስ አትጠብቅ። ፓርቲሽን ካልሠራህ፣ «ሪሳይዝ2ኤፍኤስ» እና የዲስኩ ስም፣ አለቀ። ኤክስኤፍኤስ ከሆነ «ኤክስኤፍኤስ ግሮውኤፍኤስ» እና የፎልደሩ ስም። አንድም ሰው ሳያውቅ ቦታው ይሰፋል። ፓርቲሽን ያለው ዲስክ ላይ፣ የሲስተሙን ጨምሮ፣ ቀድሞ «ግሮውፓርት» ያስፈልጋል፤ የዲስኩ ስም፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ቁጥሩ። ብዙ ሰው ቁጥሩን ከስሙ ጋር ያጣብቀውና «አልሠራ አለኝ» ብሎ ይደውላል።

ዲስኩ ቦታ እያለው «ቦታ የለም» ካለህ «ዲኤፍ ሰረዝ አይ» በል። ኢኖድ (እያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚፈልገው መዝገብ) አልቆ ሊሆን ይችላል። ኢኤክስቲ4 ካልነካካኸው ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ ኢኖድ ያዘጋጃል፤ 100 ጊጋባይት ላይ ስድስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ። ለስካን ይበቃል። ከ16 ኪሎባይት ያነሱ ትናንሽ ፋይሎችን በብዛት የሚያጠራቅም ሲስተም ግን ሊጨርሰው ይችላል።

ሲስተሙ ሲዘገይም ሁሉ ነገር በዲስኩ ይሳበባል። «አይኦስታት ሰረዝ ኤክስ» ብለህ የጥበቃ ጊዜውን እይ። ጥቂት ሚሊሰከንድ ከሆነ ዲስኩ ደህና ነው፤ የዘገየው ከድሬ እስከ ሰርቨሩ ያለው መንገድ ነው፣ እሱን ደግሞ ውድ ዲስክ አያፈጥነውም። ትንሽ ሰርቨር ከሆነ ደግሞ የራሱ የዲስክ መስመር ገደብ አለው። ጂፒ3 3,000 ቢሰጥህም ሰርቨሩ ያን ሁሉ ላይስብ ይችላል።

የመጨረሻው ቢሉ ነው። አማዞን ላይ ሰርቨር ስታጠፋ ዋናው ዲስክ ካልቀየርከው በቀር አብሮ ይጠፋል፤ በኋላ የሰካኸው የዳታ ዲስክ ግን ይቀራል። ያ የፈለግነው ነው። ግን ማንም ባይጠቀምበትም ክፍያው ይቀጥላል። በወር አንድ ቀን ኮንሶሉ ላይ «አቬይለብል» የሚሉትን ቮልዩሞች ብቻ አውጥተህ እይ፤ እነሱ ከምንም ጋር ያልተገናኙ ናቸው። የሚያስፈልግ ካለ ስናፕሾት አንስተህ አጥፋው፣ የማያስፈልገውንም አጥፋ። ከሰርቨር ማስነሻ ምስል ጋር የተያያዙ አሮጌ ስናፕሾቶችም እዚያው አጠገብ ተኝተው ይቆጥራሉ።